አልወርድ ያለ ኪሎ፦ መነሻው፣ መደቦቹና ከሥሩ የተነጠፈው እንጀራ

ዳይት የጀመረ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከማንም ጋር ይስማማል። ቀበቶው አንድ ቀዳዳ ወደ ውስጥ ይገባል፤ የሰፈር ሰው «ምነው ከሳህ? ደኅና አይደለህም እንዴ?» ይለዋል፤ እሱም እንደ ምርቃት ይቀበለዋል። አንድ ቀን ግን ሚዛኑ ይቆማል። በማግስቱ እዚያው፣ በሳምንቱም እዚያው። ሰውየው ሚዛኑን ይነቀንቀዋል፤ ባትሪውን ይቀይራል፤ ከመኝታ ቤት ወደ ሳሎን ያዛውረዋል። በመጨረሻ አስፋልት ዳር ሚዛን ዘርግቶ የሚመዝን ልጅ ፈልጎ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ቁልፉንና ስልኩን ለልጁ አስይዞ ይወጣበታል። ያኛው ሁለት ኪሎ ከቀነሰለት የቤቱን ሚዛን ዳግም አያምንም። ይህ ጥናት የሚመረምረው ይህንን ወቅት፣ በተለይም ሰዎች ከወቅቱ ለመውጣት ምግባቸው ላይ የሚያደርጉትን ለውጥ ነው።

የሚዛኑ መቆም ራሱ ምሥጢር የለውም። በመጀመሪያው ሰሞን ከሚወርደው ኪሎ ብዙው ስብ ሳይሆን ውሃ ነው። በጉበትና በጡንቻ የተከማቸው ግላይኮጅን ለእያንዳንዱ ግራም ሦስት ግራም ያህል ውሃ ይዞ ስለሚቀመጥ፣ እሱ ሲያልቅ ውሃውም አብሮት ይሄዳል። ከዚያ በኋላ የቀለለ ሰውነት የሚያቃጥለውም ያነሰ ነው፤ በዚያ ላይ ረሃብ የመጣበት መስሎት ወጪውን ይቆጥባል። በቀን 500 ካሎሪ የቀነሰ ሰው በሳምንት ግማሽ ኪሎ ገደማ ይቀንሳል የሚለው የታወቀ ስሌት ይህንን ከቁም ነገር አይቆጥርም። ስሌቱ ያለማቋረጥ ቢሠራ ኖሮ 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው በሦስት ዓመት ገደማ ፈጽሞ ያልቅ ነበር።

በሚዛን ላይ ዕድሜውን የፈጀ ሰው ከተፈለገ በፓዱዋ ያስተማረው ጣሊያናዊ ሐኪም ሳንቶሪዮ ሳንቶሪዮ አለ። ውጤቱን በ1614 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ ያሳተመው ይህ ሰው ወንበሩን በሚዛን ላይ አንጠልጥሎ የበላውን፣ የጠጣውንና ያስወጣውን ለዓመታት መዘነ። ያስወጣው ከበላው በእጅጉ እንደሚያንስ አይቶ ቀሪው በማይታይ ትነት ከሰውነት ይወጣል ሲል ደመደመ። ወንበሩ ሌላም ሙያ ነበረው፤ ሳንቶሪዮ የተመደበለትን በልቶ ሲጨርስ ዝቅ ብሎ ከጠረጴዛው ያርቀዋል። ዘዴው እኛ ዘንድ አይሠራም። እኛ በርጩማ ላይ ተቀምጠን መሶብ ከብበን ስለምንበላ፣ ወንበሩ ዝቅ ባለ ቁጥር አፋችን ወደ ወጡ ይቀርባል።

የቆመ ኪሎን ለማንቀሳቀስ በምግብ ላይ የሚደረገው ለውጥ በአራት መደብ ይከፈላል።

አንደኛው መጨመር ነው። ይህ መደብ ለመክሳት ሌላ ነገር መብላትና መጠጣት ያስፈልጋል ብሎ ያምናል። ጠዋት ሎሚ በሙቅ ውሃ፣ ቀጥሎ ዝንጅብል፣ ቀጥሎ ተልባ፣ ከምሳ በፊት ኮምጣጤ፣ ከምሳ በኋላ አረንጓዴ ሻይ ይመጣሉ። ቁርሱ፣ ምሳውና እራቱ ግን ከቦታቸው ንቅንቅ አይሉም።

ሁለተኛው መለወጥ ነው። ነጭ ጤፍ በቀይ ጤፍ ይተካል፤ በካሎሪ ረገድ ልዩነታቸው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ስኳር በማር ይተካል፤ በማንኪያ ከተለካ ማሩ ከስኳሩ የበለጠ ካሎሪ አለው፤ «ተፈጥሯዊ ስለሆነ» ደግሞ ማንኪያው ሁለት ይሆናል።

ሦስተኛው ጾም መጠበቅ ነው። «ሁዳዴ ይግባና ታያለህ» የሚሉት የዚህ መደብ ናቸው። 55 ቀን ሥጋ፣ ወተትና ቅቤ ሲቀር መክሳት የግድ ይመስላል። ይሁን እንጂ ዘይት አልተከለከለምና ቅቤ በወጣበት በር ሳምቡሳና ቦምቦሊኖ ይገባሉ፤ ሽሮውም ያለ ቅቤ እንዳይከፋው በዘይት ይካሳል። የፋሲካ ዕለት የሚሆነው ደግሞ ጥናት አያስፈልገውም።

አራተኛው መተው ነው፦ «እራት አቁሜያለሁ»። በዚህ መደብ ዘንድ እራት ማለት ተቀምጠው የሚበሉት ብቻ ነው። ሌሊት ኩሽና ውስጥ ማቀዝቀዣው እንደተከፈተ፣ ቆመው፣ ከድስቱ በቀጥታ የሚቀምሱት ስም የለውም።

አራቱም መደቦች የሚያሻሽሉት የተመዘገበውን ምግብ ነው። ችግሩ ያለው ካልተመዘገበው ላይ ነው። በ1992 እ.ኤ.አ. «ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን» ላይ በወጣ የታወቀ ጥናት፣ ምንም ያህል ብንቀንስ አንከሳም ያሉ ሰዎች ሲመረመሩ የበሉትን በአማካይ 47 በመቶ አሳንሰው ሲያስመዘግቡ ተገኝተዋል። ሰዎቹ ውሸታሞች አልነበሩም። የሰው ልጅ አንዳንዱን ምግብ ከቀረጥ ነጻ የሚያስገባ ፍጡር ሆኖ ነው።

በእኛ ዘንድ ከቀረጥ ነጻ የሚገቡት አምስት ናቸው፦ ቆሞ የተበላ፣ በሰው እጅ የተጎረሰ፣ ልጅ የተወው፣ ለቡና የቀረበ፣ እና ከሥር የተነጠፈው እንጀራ። ስለ አራቱ ብዙ ተብሏል። አምስተኛውን እስካሁን ማንም ደፍሮ አላጠናውም።

ከሥር የተነጠፈው እንጀራ ማለት ትሪው ላይ ተዘርግቶ ወጥ የሚፈስበት ነው። ከጎኑ ተጠቅልሎ የሚቀርብ ሌላ አለ። ዳይት ላይ ያለ ሰው «አንድ እንጀራ ብቻ ነው የምበላው» ሲል የሚቆጥረው ጥቅሉን ነው። የተነጠፈው በሕግ ፊት ምግብ ሳይሆን ሳህን ነው።

ይህ ሕጋዊ አቋም በአንድ ማዕድ ውስጥ ሦስት ጊዜ ይለወጣል። በመጀመሪያው ምዕራፍ እንጀራው ፍጹም ሳህን ነው፤ ማንም አይነካውም፤ ሁሉም ከጥቅሉ እየቆረሰ ይጠቅሳል። ሁለተኛው ምዕራፍ የሚጀምረው ጥቅሉ አልቆ ወጡ ሲተርፍ ነው። እንጀራና ወጥ እኩል ያለቁበት ማዕድ እስካሁን አልታየም። ያን ጊዜ አንድ እጅ ተዘርግቶ የትሪውን ጠርዝ ይቆርሳል። ጠርዝ ደረቅና ስስ ነው፤ ሕሊናን አይከብድም፤ «ለማባያ ያህል» ይባላል። ጠርዙ ዙሪያውን አልቆ መሐሉ ብቻ እንደ ደሴት ሲቀር ሦስተኛው ምዕራፍ ይገባል።

ስለ መሐሉ በዝግታ መናገር ያሻል። ወጥ የሚያውቅ ሰው ድስቱን ከእሳት የሚያወርደው ዘይቱ ጠለል ብሎ ከላይ ሲወጣ ነው። በጭልፋ ሲቀዳ መጀመሪያ የሚወርደው ይኸው ጠለል ነው። የሚያርፈው ደግሞ እንጀራው ዓይን ላይ ነው። እንጀራ የሚመሰገነው በዓይኑ ብዛት ስለሆነ፣ ጋጋሪዋ ባለሙያ በሆነች ቁጥር ዘይቱ የሚገባበት ቀዳዳ ይበዛል። ወጥ ሠሪዋም ጋጋሪዋም የተዋጣላቸው ከሆኑ ጉዳዩ ከዳይተኛው አቅም በላይ ነው።

ሂሳቡ አጭር ነው። አንድ ግራም ዘይት 9 ካሎሪ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ 120 ገደማ ነው። መሐሉ ሦስት ማንኪያ ጠጥቶ ከሆነ 360 ካሎሪ ሆነ፤ እንጀራው ራሱ ገና አልተቆጠረም። ሰውየው ስኳር ትቶ፣ ኮምጣጤ ጠጥቶ፣ እራት አቁሞ በመከራ የቆጠባት 500 ካሎሪ «ሳህኑን» ሲያነሳ ተመልሳ ትገባለች።

መሐሉን ማን ይበላዋል የሚለው ጥያቄ የራሱ ሥርዓት አለው። በቅድሚያ ሁሉም እጁን ይሰበስባል። ቀጥሎ አንዱ ወደ ሌላው ይገፋዋል፦ «በል አንተ ጨርሰው»፣ «ኧረ እኔ ጠገብኩ፤ አንተ ንካው እንጂ»። በመጨረሻ አክስት ትገባለች። አክስት ዳይት መጀመሩን የሰማችው ያን ዕለት ነው፤ ስለዚህም ቀዩን፣ የራሰውን፣ ከእንጀራው የሚበልጥ ወጥ ያለበትን ቦታ ጠቅልላ፣ «ይሄ እኮ ነው ምግቡ! በሞቴ!» ብላ አፉ ውስጥ ትከተዋለች። በዚህ ቅጽበት ከሥር የተነጠፈው እንጀራ ወደ ጉርሻ መደብ ስለሚዛወር በድጋሚ ከቀረጥ ነጻ ይሆናል።

በምግብ ቤት የሚገኘው ዝርያ በያይነቱ ነው። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑና ቀይ ሥሩ ተበልተው ሲያልቁ እያንዳንዱ የነበረበትን በቀለም ትቶ ይሄዳል፤ በላተኛውም ድንበሮቹን እያከበረ ካርታውን ይበላል። በድግስ ቤት ደግሞ ተሰልፎ የቆመ ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው እንጀራ ነው፤ መጀመሪያ የሚረሳውም እሱን ነው።

ለንጽጽር ያህል፣ አንሴል ኪስ የተባለው ሳይንቲስት በ1945 እ.ኤ.አ. በሚኒሶታ 36 ፈቃደኛ ወጣቶችን ለ24 ሳምንታት በግማሽ ረሃብ አቆይቶ ነበር። ሰዎቹ የክብደታቸውን ሩብ ያህል አጡ። ረሃቡ ከፍቶባቸው ሳህን እስከ መላስ መድረሳቸው በመዝገብ ተይዟል። እኛ ዘንድ ግን ጠግቦ የተነሳ ሰውም ሳህኑን ይበላዋል፤ ማንም በመዝገብ አይዝም።

መፍትሔው በአንድ ትንፋሽ ያልቃል። ሰውነት ሲቀል የምግብ መጠኑም እንደገና ይቀነስ፤ ዘይት በጠርሙስ ሳይሆን በማንኪያ ተለክቶ ድስት ይግባ፤ እንቁላል፣ ዓሣ፣ ምስርና ሽንብራ ረሃብን ያቆያሉና ይብዙ፤ ሚዛን ላይ ጠዋት በባዶ ሆድ ይወጣ፤ የተነጠፈው እንጀራም እንደ እንጀራ ይቆጠር። በባዶ ሳህን መብላት የሚል ስድስተኛ ሐሳብም ነበር፤ አንዲት እናት «ወጥ በባዶ ሳህን? ምን በድዬህ ነው?» ስላሉ ተሰርዟል።

ከዚህ ቀጥሎ ስለ ቡና ቆሎ ሰፊ ምዕራፍ ታቅዶ ነበር። ነገር ግን ግኝቱ አስቀድሞ ኪሎው ለቆመበት ወዳጄ ተነገረው። ከጠለሉ እስከ ዓይኑ ሁሉንም በጥሞና አዳመጠ፤ ራሱንም ነቀነቀ።

«ገብቶኛል» አለ። «ከነገ ጀምሮ አንዱን እንጀራ እተዋለሁ።»

«የትኛውን?»

«ጥቅሉን ነዋ!»