ውኃ ልጠጣ ነው

በአማርኛ አምሮት የያዘው ሰው ጥፋተኛ ሆኖ አያውቅም። ሰዋስዉ ራሱ ይከላከልለታል። «ክትፎ አማረኝ» ሲል አድራጊው ክትፎው ነው፤ ተናጋሪው ተደራጊ ነው። ሰውየው ብርድ ልብሱን ተከናንቦ በሰላም ተኝቶ ሳለ ክትፎ ከየትም መጥቶ አማረው። እንዲህ ያለ ተበዳይ ከአልጋው ወርዶ፣ በባዶ እግሩ፣ መብራት ሳያበራ ወደ ማድ ቤት ሲሄድ ብታገኙት ልታዝኑለት እንጂ ልትፈርዱበት አይገባም። ቢያንስ እኔ ብያዝ ብዬ ያዘጋጀሁት መከላከያ ይኸው ነው።

ሰበታን፣ ቡራዩንና ሱሉልታን በተከራይነት አዳርሻቸዋለሁ። የአዲስ አበባ ኪራይ ሲገፋኝ መጀመሪያ በጅማ መንገድ ወጣሁ፤ ከዚያ በአምቦ መንገድ፤ አሁን ደግሞ በጎጃም መንገድ ከእንጦጦ ጀርባ ተቀምጫለሁ። ሦስቱ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. ከሌሎች ጎረቤቶቻቸው ጋር ሸገር ከተማ ተብለው ተጠቃለዋል። በሌሊት አምሮት ግን ገና አልተዋሃዱም፤ ሁሉም የየራሱ አስተዳደር አለው።

አንድ የሚያደርጋቸው ታክሲ ነው። አዲስ አበባ ውሎ እዚህ የሚያድር ሰው ራቱን ሁለት ጊዜ ይበላል። አንደኛውን አየር ጤና፣ አስኮ ወይም አዲሱ ገበያ ሰልፍ ላይ ቆሞ፤ እርጥብ ወይም ሳምቡሳ፣ ክረምት ከሆነ የተጠበሰ በቆሎ። ሁለተኛውን ቤቱ ገብቶ፣ ከጠዋት ጀምሮ እህል ያልቀመሰ ሰው መስሎ። በሁለቱም አይጠግብም። የመጀመሪያው ከራት አይቆጠርም፤ ሁለተኛው በእንቅልፍ ዓይን የተበላ ነው። ስለዚህ ከምሽቱ 5 ሰዓት ተኩል ላይ ሦስተኛው ይመጣል። ነገሬ ከሦስተኛው ጋር ነው።

ሳይንሱም አላሳፈረንም። እ.ኤ.አ. በ2013 አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ ጥናት 12 ጤነኛ ሰዎችን ቀንና ሌሊቱ በማይለይበት ሁኔታ አስቀምጦ ረሃባቸውን ለካ። በሰውነት ውስጥ ባለው ሰዓት ረሃብ ከሁሉ የሚያንሰው ጠዋት 2 ሰዓት ግድም፣ ከሁሉ የሚበረታው ማታ 2 ሰዓት ግድም ሆኖ ተገኘ። ማታ 2 ሰዓት ላይ የእኛ ሰው ገና ሦስት ሰው በሚያስቀምጥ ወንበር ላይ አራተኛ ሆኖ ታክሲ ውስጥ ነው። ረሃብ ቀጠሮውን አክብሮ ቤቱ ድረስ መጥቶ ሰውየውን አጣው። ቁጭ ብሎ ጠበቀው እንጂ ምን ያድርግ! አልበርት ስታንካርድ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1955 ሌሊት ሌሊት መብላትን የሕመም ስም አውጥቶለታል። እኛ ሰፈር ስሙ «ውኃ ልጠጣ ነው» ይባላል።

ከሰበታ ልጀምር። ሰበታ የሜታ ቢራ አገር ናት። ፋብሪካውን እ.ኤ.አ. በ2012 ዲያጆ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በ225 ሚሊዮን ዶላር ገዛው፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ደግሞ ለቢጂአይ ሸጠው። በዚህ ሁሉ ግዢና ሽያጭ መካከል ማንም ያልነካው አንድ ንግድ አለ፤ በየግሮሰሪው በር የሚዞረው የእንቁላል ቅቅል። ልጁ ከባልዲው አንድ ያነሳል፤ ባልዲው ጠርዝ ላይ ጠቅ ያደርገዋል፤ በመዳፎቹ መካከል አንዴ ያሽከረክረዋል፤ ቅርፊቱ እንደ ካልሲ ይወልቃል። በትንሽ ቢላ ሆዱን ሰንጥቆ ሚጥሚጣና ጨው ነስንሶ በደብተር ወረቀት ያቀርባል። አንድ ቀን የደረሰኝ ወረቀት ላይ የማካፈል ሒሳብ ነበረበት፤ መልሱ ተሳስቷል።

ጠጪው እንቁላል የሚበላው ርቦት አይደለም። «ይሄ ልጅ ያሳዝነኛል፤ ላበረታታው ብዬ ነው» ይላል። እንዲህ ያለ አንድ ወዳጅ ነበረኝ፤ በአንድ ምሽት ልጁን አምስት ጊዜ ሲያበረታታው ቆጥሬያለሁ። ስድስተኛውን እኔ እንዳበረታታው ጋበዘኝ። ከዚያ ሒሳብ ተከፍሎ ስንወጣ፣ እስከ ጅቡቲ የሚዘልቀው የባቡር መስመር በሚጀምርባት ከተማ፣ እስከ አለም ገና የሚያደርስ አንድ ታክሲ እናጣለን። በእግር ነው። አለም ገና ስንደርስ የአምስቱም እንቁላል ብርታት አልቋል፤ ወዳጄም ሚስቱን ላለመቀስቀስ ሲል (ደግነቱ ብዙ ነው) ማድ ቤት ገብቶ በጨለማ ከድስቱ ቂጥ ሽሮ በእጁ ይጠርጋል።

ቡራዩ ላይ የኖርኩት ገፈርሳ መስመር፣ ሰባት ተከራይ ባለበት ግቢ ነው። አከራያችን እትዬ፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ የሚባል ነገር እንዳላይ ብለው ቃል አስገብተውናል። ሰባታችንም ቃል ገብተናል፤ ሰባታችንም ምድጃ አለን። ምድጃ ደግሞ ከአልጋ ሥር ይደበቃል፤ ሽንኩርት ግን የት ይደበቃል? ሌሊት ሽንኩርት ሲቁላላ አጥር አይገድበውም። አንድ ወንደላጤ ጎረቤታችን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ኢንዶሚውን በሽንኩርትና በበርበሬ ይሠራ ነበር። መጀመሪያ የግቢው ውሻ ይነሳል። ቀጥሎ መብራት በየመስኮቱ ቦግ ቦግ ይላል። ከዚያ እትዬ በነጠላቸው ተከናንበው ብቅ ይላሉ።

«ልጄ፣ ደህና ነህ? የሚያር ነገር ሸተተኝ እኮ።»

«ደህና ነኝ እትዬ። ይግቡ፣ እንብላ።»

«ኧረ እኔ ምንም አይበላልኝም፤ እሳት እንዳይነሳ ብዬ ነው።»

ይገባሉ። እሳት አለመነሳቱን እስከ ሳህኑ ግርጌ ድረስ ያረጋግጣሉ። ስለ ምድጃው አንድም ቃል ሳይተነፍሱ ይወጣሉ። ልጁ ሽንኩርት መጨመር ባቆመበት ሳምንት ነው የመብራት ሒሳብ የጨመሩበት።

ማብሰል የማይችል ወደ ሱቅ ይሄዳል። የሰፈራችን ሱቅ ከአጥሩ የተቆረጠች አንዲት መስኮት ናት፤ ባለሱቁ እዚያው ከስኳሩና ከሳሙናው ጋር ያድራል። ሌሊት በሳንቲም ብረቱን ቆር ቆር ስታደርጉበት አይቆጣም፤ «ማነው?» ብሎ በእንቅልፉ መካከል ይመልሳል። ይህ ሰው የሰፈሩን ገመና ከንስሐ አባት እኩል ያውቃል። ሌሊት ለራሱ የሚገዛ ሰው የለም። ሃላዋው ለልጁ ነው፤ ልጅ የሌለው ለእንግዳ ነው፤ እንግዳ የማይመጣበት ለመድኃኒት መዋጫ ነው። የሚከበረው ሰበብ ግን የነፍሰ ጡር አምሮት ነው። ያማራት ካልተገኘላት በልጁ ገላ ላይ ምልክት ይወጣል ስለሚባል፣ ሌሊት ለነፍሰ ጡር የማይከፈት ሱቅ የለም። ከጎኔ ተሰልፎ (አዎ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ሰልፍ ነበር) አንድ ጎረቤቴ ወደ መስኮቷ ጎንበስ ብሎ እንዲህ ሲል ሰማሁት፦

«ወንድሜ፣ ሃላዋና ሁለት ዳቦ። ባለቤቴን አማራት።»

ባለሱቁ ዝም አለ። ከዚያ በጨለማው ውስጥ፣ በትሕትና፦ «ጋሼ፣ ባለፈው ወር እንኳን ማርያም ማረቻት አላልኩዎትም እንዴ?»

ሰውየው ጥቂት አሰበ። «እሱ በፊት ያማራት ነው፤ አሁን ነው የተገኘው» አለ። ሃላዋውን ወሰደ። ምን ይባላል? እኔም ተራዬ ሲደርስ ብስኩቱን ለመድኃኒት መዋጫ ነው ብዬ ወሰድኩ።

አምሮት ሕግም ያውቃል። የዚያው ግቢ ሌላ ተከራይ አጥባቂ ጿሚ ነበር፤ ረቡዕና ዓርብ ወተት በያዘ ብርጭቆ ውኃ አይጠጣም። ማክሰኞ ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ግን ቋንጣ ፍርፍር ሲበላ አገኘሁት። «ረቡዕ አልገባም እንዴ?» ብለው «ገና መቼ ነጋና!» አለኝ፤ ሳይነጋ ቀን አይቆጠርም። እሺ። በማግስቱ ረቡዕ ሌሊት፣ በዚያችው 7 ሰዓት፣ እንቁላል ይጠብሳል። «ረቡዕ መች አለቀ?» ብለው ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ፤ ስልኩ ሐሙስ ይላል። ማክሰኞን በሀበሻ ሰዓት እያስረዘመ፣ ሐሙስን በፈረንጅ ሰዓት እያፈጠነ፣ ረቡዕን ከ24 ወደ 18 ሰዓት አውርዷታል። ዓርብም እንደዚያው ተሸልታለች። ቅዳሜ ሲመጣ የማይጾም ቀን ስለሆነ ስንት ሰዓት እንደሆነ ማንም አይጠይቅም።

ሰበብ የማያስፈልግበት ሌሊትም አለ። ከ55 ቀን ሁዳዴ በኋላ የትንሣኤ ቅዳሴ አልቆ ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ግድም፣ ሰፈሩ በሙሉ መብራቱን አብርቶ ዶሮ ወጡን ይበላል። በረመዳንም ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ለሱሁር ሲነሱ ብርሃናቸው ይታያል፤ ሳህን ሲንኳኳም ማንም አይደነግጥም። የማይገባኝ ግን አንድ ነገር ነው። ዓመቱን ሙሉ ሌሊት የሚቀላውጠው ያ ሁሉ ጀግና በዚያች በተፈቀደለት የትንሣኤ ሌሊት ሁለት ጉርሻ ጎርሶ «በቃኝ፣ ከበደኝ» ብሎ ይተኛል። የሚነሳው በማግስቱ ነው፤ ሁሉም ሲተኛ፣ የተረፈውን ብልት ፍለጋ።

አሁን ያለሁባት ሱሉልታ ብርዳም ናት። የአገራችን ስም የሚጠራባቸው ሯጮች ለአየሯ ብለው ይለማመዱባታል፤ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ በመስኮት ሲያልፉ አያቸዋለሁ፤ ሰላምታዬም በመስኮት ነው። ሌሊት ወደ ሱቅ መሄድ ግን ቀርቷል። ከወንዙ ማዶ ጅብ ይጮኻል፤ እሱም ያማረው ነገር አለ። ስለዚህ ሱሉልታ ላይ የሌሊት አምሮት የሚወጣው በቤት ውስጥ ባለው ነው። እኛ ቤት ደግሞ ጭኮ አለ።

ጭኮ ለማያውቅ፦ የገብስ ዱቄት በተነጠረ ቅመም ቅቤ ታሽቶ የሚሠራ ነው፤ ወራት ይቀመጣል ይባላል። ይህ አባባል እኛ ቤት ተፈትኖ አያውቅም። አማቴ ከፍቼ ከተማ አንድ ባልዲ ሙሉ ላኩልን፤ «ለእንግዳ» የሚል ትእዛዝ ጨምረው። ባለቤቴ ቁም ሣጥኑ ላይ፣ ከሻንጣው ኋላ ሸሸገችው።

ዘዴው ይህ ነው። ክዳኑ ሲከፈት ጧ ይላል፤ ስለዚህ ከመክፈት በፊት ማሳል ያስፈልጋል። ማንኪያ ከመሐል አይገባም፤ ጉድጓድ ይመሰክራል። ከዳር ዳር፣ እንደ ገበሬ፣ በስሱ ይፋቃል። በመጨረሻ የማንኪያው ጀርባ በትንፋሽ ይሞቅና ገጹ ይለሰናል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ጭኮው እንደ አዲስ አስፋልት ለስልሶ ነበር። ቀን ቀን ማንንም በር ላይ ሳይ «ግባ፣ እንብላ» ሳልል የማልቆርስ ሰው ነኝ፤ ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል እየተባልኩ ነው ያደግሁት። ሌሊት ግን ወንበር ላይ ቆሜ፣ ጋቢዬን ለብሼ፣ የራሴን ቤት እንደ ሌባ እሰርቃለሁ።

ባልዲው ላይ አበባ ታትሞበታል። መጀመሪያ የጭኮው ልክ የአበባው ራስ ላይ ነበር፤ ቀስ በቀስ ወደ ግንዱ ወረደ። አንድ ሌሊት ስከፍተው ሥሩ ላይ ደርሷል። ደነገጥኩ። እኔ የራሴን አበላል አውቃለሁ፤ ይህን ያህል አልበላሁም። ልጃችን የአራት ዓመት ነው፤ ወንበርም ላይ ቢቆም አይደርስም። ገጹ ደግሞ ለስላሳ ነው፤ ከእኔም የተሻለ ልስን፣ ባለሙያ እጅ ያለፈበት። ተሰርቄያለሁ፤ ግን ማንን ብዬ እከሳለሁ? በማግስቱ ቁርስ ላይ ባለቤቴ ቀድማ አነሳችው።

«እማማ የላኩት ጭኮ እንዳይበላሽ፣ አንድ ቀን አውርደን እንየው ይሆን?»

«ተይው እባክሽ፤ ጭኮ ምን ይሆናል?»

«እውነትህን ነው። ጭኮ ምን ይሆናል» አለች፤ ሻዩን እየቀዳች፣ ዓይኔን ሳታይ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

በዚያው ሳምንት ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ተነሳሁ። መብራት አላበራሁም። እጄን ዘርግቼ የቁም ሣጥኑን ጠርዝ ስፈልግ ወንበሩ ቦታው ላይ የለም፤ ቀድሞኝ ሄዶ ቁም ሣጥኑ ሥር ቆሟል። አጠገቡም ነጭ ነገር።

«ምነው፣ ተነሳሽ?» አልኳት።

«ውኃ ልጠጣ ነው። አንተስ?»

«እኔም ውኃ።»

ሁለታችንም ተከታትለን ማድ ቤት ገባን። ሁለት ብርጭቆ ቀዳች፤ በአንድ እጇ። ሌላው እጇ ከጋቢዋ ሥር አልወጣም፤ የእኔም ከኪሴ አልወጣም። የሱሉልታ ውኃ በዚያ ሰዓት ጥርስ ይነቅላል። ጨርሼ ብርጭቆዬን ባስቀምጥም ወደ መኝታ አልሄደችም፤ እኔም አልሄድኩም። ጅቡ ከማዶ አንዴ ጮኸ።

«በጣም ጠምቶህ ነው መሰለኝ» ብላ ደገመችልኝ።