ማን ገብቶ፣ ማን አይቶ መጣ?

ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ስንመጣ ጣርማ በር ላይ የሚኒባሳችን ቺንጊያ ተበጠሰ። መሽቶ ነበር። ረዳቱ ሌላ ሊያመጣ ባገኘው የጭነት መኪና ተሳፍሮ ደብረ ብርሃን ሄደና ቶሎ አልተመለሰም። ሕፃን የያዘችው እናት ጋቢና ውስጥ እንድትተኛ ተደረገ፤ የቀረነው ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ጋቢ እየተጋራን የሚያዝያን ብርድ ተቀበልን። ስልኩ ኔትወርክ የለውም፣ ሾፌሩ መልስ የለውም፣ የሚያልፍ መኪና አይቆምም።

እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ጉሙ ተገፈፈ። ከጎኔ የተቀመጡት መሪጌታ መቋሚያቸውን ወደ ደቡብ ምሥራቅ ዘርግተው፣ «ያ አቅራብ ነው፤ ተከትሎት የሚወጣው ቀውስ» አሉኝ። እኔም በቀውስ አቅጣጫ፣ 27,000 የብርሃን ዓመት ያህል ርቆ፣ በጋላክሲያችን እምብርት ላይ የ4 ሚሊዮን ፀሐዮችን ክብደት የያዘ ጥቁር ጉድጓድ እንዳለ፣ ምስሉም እ.ኤ.አ. በ2022 ለዓለም እንደታየ ነገርኳቸው። ብርሃን እንኳ ከገባ እንደማይወጣ ስጨምርላቸው ጥቂት ቆዩና፣ «ታዲያ የገባው ሁሉ የት ይደርሳል?» አሉ።

ይህን ጥያቄ እንዴት እንደምወደው! የአንስታይንን ቀመር እስከ መጨረሻው ከተከተሉት፣ የገባው ሁሉ ወሰን ወደሌለው እፍጋት ይጨመቃል፤ እዚያ ሲደርስ ቀመሩ ራሱ መናገር ያቆማል። አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ሊ ስሞሊን ግን እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመው ጥናት ከዚያ ወዲያ አንድ እርምጃ ለመሄድ ደፈረ። የተጨመቀው ነገር መልሶ ይፈናጠርና እኛ ከውጭ ልናየው የማንችለው አዲስ ዩኒቨርስ ሆኖ ይሰፋል አለ። ልጁ የእናቱን የተፈጥሮ ሕግጋት ይወርሳል፤ በሕግጋቱ ውስጥ ያሉት ቋሚ መጠኖች ግን በጥቂቱ ይለወጣሉ።

መሪጌታ አራሽም ስለሆኑ፣ «ብዙ የሚያፈራው ዘር ከዓመት ዓመት ማሳውን እንደሚሞላ ማለት ነው» አልኳቸው። ብዙ ጥቁር ጉድጓድ የሚያበጅ ዩኒቨርስ ብዙ ልጅ ይኖረዋል፤ የእኛም ከእነዚያ ወላዶች አንዱ መሆን አለበት። ከሁሉ የሚደንቀኝ ደግሞ ካርቦን ነው። ሥጋችን የተሠራበት ካርቦን ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ የጠፈርን ግዙፍ ደመናዎች ያቀዘቅዛል፤ ከቀዘቀዘው ደመና ግዙፍ ኮከቦች ይወለዳሉ፤ ከእነሱም አንዳንዶቹ ሲሞቱ ጥቁር ጉድጓድ ይሆናሉ። ግምቱ እውነት ከሆነ፣ ለእኛ ሕይወት የሆነን ያው ንጥረ ነገር ለዩኒቨርስም የመውለጃ መንገዱ ነው።

«ልጄ፣» አሉኝ፣ «ማን ገብቶ፣ ማን አይቶ መጣ?»

ማንም። ስሞሊን ግን ግምቱን ያለ መያዣ አልተወውም። የሞተ ግዙፍ ኮከብ የታመቀ ቅሪት የሆነው ኒውትሮን ኮከብ ከተወሰነ ክብደት ካለፈ ተደርምሶ ጥቁር ጉድጓድ ይሆናል፤ ጣሪያው ዝቅ ባለ መጠን ብዙ ጉድጓድ ይፈጠራል። ስለዚህ ዩኒቨርሳችን ለመውለድ የተመቸ ከሆነ ጣሪያው ዝቅተኛ መሆን አለበት፤ መጀመሪያ 1.6 የፀሐይ ክብደት ያህል፣ የኮከቦቹ ውስጣዊ ይዘት ስሌት ሲሻሻል ደግሞ 2 ያህል ብሎ አስቀመጠ። ከዚያ እጅግ የሚበልጥ ከተገኘ ግምቱ ይወድቃል። እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ የግሪን ባንክ ራዲዮ ቴሌስኮፕ 1.97 የሚመዝን ኒውትሮን ኮከብ ተለካ። ከእሱ የሚመጣው የራዲዮ ምት በጓደኛው ኮከብ አጠገብ ሲያልፍ በስበት ምክንያት የሚዘገይበትን እጅግ ጥቂት ጊዜ ለክተው ነው የመዘኑት። በኋላ ደግሞ ሌላ ተገኘ፤ 2.08፣ ስሕተቱ 0.07 ወደላይ ወይም ወደታች። ግምቱ ከጣሪያው ጫፍ ላይ ቆሟል።

መሪጌታ ይህን ሲሰሙ አልተከራከሩኝም። «መያዣ ካስያዘስ መልካም፤ ግን የመጀመሪያዋን እናት ማን ወለዳት?» አሉ። ለዚህ ከስሞሊን መልስ አላገኘሁም፤ የእሳቸውን መልስ ግን እሳቸው ያውቁታል። ሊነጋጋ ሲል ረዳቱ ቺንጊያውን ይዞ መጣና ተነሣን።

ይህን ግምት የምወደው ውብ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ስለማይታይ ነገር እየተናገረ በሚታይ ነገር ለመዳኘት ፈቅዷል። ነገ 2.5 የሚመዝን ኒውትሮን ኮከብ ያለ ጥርጥር ቢገኝ አዝናለሁ፤ ግን ኮከቡን የመዘኑትን ሰዎች ከልቤ አመሰግናለሁ። ስለ ሰማይ የሚነገረን ብዙ ነው፤ ከተናጋሪዎቹም ሁሉ «በምን ብትረታ ትቀበላለህ?» ተብሎ ሲጠየቅ ቁጥር የሚሰጠውን አስቀድሜ እሰማለሁ።