ንጉሥ ያላረፈበት መንደር

በአገራችን የቦታ ስም ሁሉ ንጉሥ ይፈልጋል። ደብረ ብርሃንን ብትጠይቁ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በሰማይ ላይ ብርሃን አይተው ነው ትባላላችሁ። ደሴን ብትጠይቁ ዐፄ ዮሐንስ ጅራታም ኮከብ አይተው ደስ ስላላቸው ነው። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ እቴጌ ጣይቱ አበባ አዩ። እነዚህስ እሺ፤ ቢያንስ ባለቤቶቹ በቦታው ነበሩ። የሚገርመው ከአምስት ጎጆና ከአንድ ወፍጮ ቤት በላይ የሌላት የተራራ መንደር ሳትቀር «ምኒልክ ወደ ዐድዋ ሲዘምቱ እዚህች ዋርካ ሥር ዐረፍ ብለው…» ብላ መጀመሯ ነው። እምዬ ምኒልክ ዐረፉ በተባለበት ሁሉ ዐርፈው ቢሆን ኖሮ ዐድዋ የሚደርሱት ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ነበር።

አንኮበር ግን ንጉሥ መበደር አያስፈልጋትም። ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው፣ ደጋው ተቆርጦ ወደ አፋር ቆላ ከሚወርድበት አፋፍ ላይ የሚያገኟት ይህች ትንሽ ከተማ የሸዋ ነገሥታት መናገሻ ነበረች። ሣህለ ሥላሴ ነግሠውባታል። እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዙ መልእክተኛ ሻለቃ ሃሪስ ግመሎቹን በስጦታ አስጭኖ እዚህ ድረስ መጥቶ ውል ተዋውሏል፤ አገሩ ተመልሶም ባለ 3 ቅጽ መጽሐፍ ጽፏል። ምኒልክም ከመቅደላ አምልጠው ሲመጡ የገቡት ወደዚሁ የአባቶቻቸው ቤት ነው። በኋላ እንጦጦ በለጠባቸው፤ ከእንጦጦም ፍል ውኃ። በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስትቆረቆር አንኮበር ከነብርዷና ከነጉሟ ቀረች።

ታዲያ ይህን ሁሉ ንጉሥ ያስተናገደች ከተማ ስሟን ያገኘችው ከማን መሰላችሁ? አንኮ ከምትባል ሴት። ትውፊቱ እንደሚለው አንኮ የሸዋ መኳንንት ወደዚያ ከመድረሳቸው በፊት በአካባቢው የነበረች የኦሮሞ ሴት ናት፤ በሩ ደግሞ የተራራው መተላለፊያ ነው፣ ጣርማ በርን በር እንዳሰኘው ያለ። የአንኮ በር፤ አለቀ። ግን በእኛ ዘንድ እንዲህ በቀላሉ የሚያልቅ ነገር የለም።

ከደብረ ብርሃን በሚነሣ ሚኒባስ ውስጥ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው የተከናነቡ አዛውንት ለአንድ ከተሜ ወጣት ይህንኑ ሲተርኩ ሰማሁ። «አንኮ የባላባት ሚስት ነበረች» ብለው ጀመሩ። ልጁ ስልኩን አውጥቶ አገጫቸው ሥር ሲደቅን ጋቢውን ከአፋቸው ገለጥ፣ ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉና «ባላባቷ ራሷ ነበረች» አሉ። ቁልቁለቱን ስንጀምር ንግሥት ሆነች። ከኋላ ወንበር ላይ የባቄላ ማዳበሪያ ጉልበቷ ላይ ያቀፈች ሴት አላስችል ብሏት፣ «አባባ፣ ባለፈው ቀራጭ ነበረች አላሉንም?» ስትላቸው፣

«እሱማ ለአገሩ ሰው ነው ልጄ፤ ይሄ እንግዳ አይደል?» አሉ፣ ምንም ሳያፍሩ።

እኔ ግን ከቀራጯ ጋር ነኝ። ከአንኮበር ሥር ያለችውን አልዩ አምባን ተመልከቱ። የቆላው ጨው በግመል መጥቶ የሚራገፍባት ገበያ ነበረች፤ የሸዋ ነገሥታትም ቀረጣቸውን ከዚያ ይሰበስቡ ነበር። በእንዲህ ያለ አገር መተላለፊያውን የያዘ ሰው ምን ሠርቶ እንደሚበላ ለማወቅ ሊቅ መሆን አያሻም። ችግሩ ቀራጭ ቅድመ አያት ማንም የማይፈልግ መሆኑ ነው። ንግሥት ስትሆን ሁላችንም የልጅ ልጆቿ ነን፤ ቀራጭ ስትሆን ግን የጎረቤት ዘመድ ትሆናለች። በዚሁ ከቀጠለ አንድ ቀን የሚመጣ ሊቅ አንኮን ጭራሽ ያስቀራትና «ስሙ እኮ አንኳኩ በር ነው፤ ንጉሡ ማታ ደርሰው ተዘግቶ ቢያገኙት…» ማለቱ አይቀርም።

አንኮበር ለሌላም ስም ሰጥታለች። በገደሉ አፋፍ ላይ የምትኖር፣ ለዐይን የማትሞላ፣ ቡናማ ላይ ጭረት ጭረት ያለባት ወፍ አለች፤ ሳይንስ አንኮበረንሲስ ብሎ የመዘገባት እ.ኤ.አ. በ1979 ነው፣ ምኒልክ ካረፉ ከ60 ዓመት በላይ ቆይቶ። ፈረንጆች እሷን ለማየት ባሕር አቋርጠው ይመጣሉ፤ ጉሙ እስኪገለጥ አቅራቢ መነጽራቸውን ይዘው ብርዱን ይጠጣሉ። ከሚኒባሱ እንደወረድን ወጣቱ ስለ ወፏ አንብቦ ኖሮ አዛውንቱን ጠየቃቸው።

«አባባ፣ የወፏንስ ስም ያወጣው ማን ነው?»

አዛውንቱ መጀመሪያ ስልኩን አዩ። እየቀዳ ነው።

«ምኒልክ ናቸዋ!»