ውሻው ወንበር ላይ፣ ልጆቹ እንጨት ላይ

ከቀይ አፈር ወደ ጂንካ የሚወስደው አስፋልት ካኮ ሲደርስ ሹፌር ሁሉ ፍሬን ይይዛል። በገበያ ቀን ሰዉም ፍየሉም ሞተር ሳይክሉም መንገዱን የግሉ ያደርገዋል። የበና ልጆችም ይህን አሳምረው ያውቃሉ። ሰውነታቸውን በነጭ አፈር ተቀብተው፣ በሁለት ረጃጅም እንጨቶች ላይ ተሰቅለው የሚጠብቁት መኪና ከሚያዘግምበት ቦታ ላይ ነው። አስጎብኚዎች «ድሮ እረኞች ከእባብና ከአውሬ የሚጠበቁበት ዘዴ ነበር» ይላሉ። ይሁን። ዛሬ አውሬው ባለጎማ ስለሆነ ልጆቹ አይሸሹትም፤ ይሮጡለታል።

በዚህ መንገድ ከሚያልፈው ጎብኚ ሁሉ እኔን የሚያስደንቀኝ ቤቱን አዝሎ የሚመጣው ፈረንጅ ነው። ትልቅ «ማን» የጭነት መኪና ላይ አልጋ፣ ምድጃ፣ ፍሪጅና መታጠቢያ ያለው ክፍል ተጭኗል። ጣራው ላይ የሶላር ሰሌዳ ተዘርግቷል፤ ጎኑ ላይ ያለፈባቸው አገሮች ባንዲራ ተለጥፏል። ሰውዬው ከቤቱ ለመውጣት ይህን ሁሉ አገር አቋርጦ፣ ከቤቱ ግን አልወጣም። በቅርቡ የመጡት ባልና ሚስት ደግሞ ሁለት ውሾች ነበሯቸው። አንዱ ጋቢና ውስጥ፣ ከሹፌሩ አጠገብ ተኮፍሷል። ጂንካ ላይ የተቀጠረው አስጎብኚ ወንበሩን ውሻው አልለቅም ስላለው ከኋላ፣ ከታጣፊ ወንበሮቹና ከውሾቹ የምግብ ከረጢት ጋር ተቀምጦ መጣ። በሰዓት ሳይሆን በቀን ስለሚከፈለው ቅሬታ አላሰማም።

የመኪናው መስኮት ከፍታ ከሰው ቁመት በላይ ነው። ሻይ ቤት በር ላይ የቆምነው ብንንጠራራም ከጎማው በቀር ያየነው የለም። እንጨት ላይ ያሉት ልጆች ግን ከውሻው ጋር ዓይን ለዓይን ገጠሙ። ውሻው መስታወቱን በትንፋሹ አጨለመው። አንደኛው ልጅ ሚዛኑን እንደያዘ ጎንበስ አለና ጉሙን በጣቱ ጠረገው፤ ጣቱ ግን ከውጭ ስለሆነ አልጠራም። ውሻው ጮኸ። ልጁም መልሶ ጮኸበት፤ እንዲያውም የልጁ የበለጠ ውሻ ውሻ ይል ነበር።

ባልና ሚስቱ የጠየቁት ጥያቄ ቀላል ነበር፤ «ወደ ባሕር ዳርቻው በየት ነው? ውሾቹን አናፍሰን ማታ እንመለሳለን።» ቱርካና ሐይቅን ማለታቸው ነው። ነገር ግን በዚህ ዘመን ሻይ ቤት ገብቶ ስለ ባሕር ዳርቻ የሚጠይቅ ሰው የሚያገኘው አቅጣጫ ሳይሆን ክርክር ነው። ወዲያው አሰብ ተነሳ፣ ምፅዋ ተከተለ፣ የቀይ ባሕር ታሪክ ከሥሩ ተተረተረ። ሁለተኛው ቡና ሲቀዳ ነው አንድ ሽማግሌ «አንተ ልጅ፣ ሰዎቹን መንገድ አሳያቸው እንጂ!» ብለው አስጎብኚውን የተቆጡት።

መንገዱስ አለ። ከቀይ አፈር ታጥፎ በዲመካ፣ በቱርሚ፣ ከዚያም 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዶ ኦሞራቴ። የሐንጋሪው መስፍን ቴሌኪ እ.ኤ.አ. በ1888 በመቶዎች የሚቆጠሩ ተሸካሚዎች አስከትሎ በደቡብ በኩል ሐይቁ ዘንድ ሲደርስ፣ ባለቤት የሌለው ይመስል «ሩዶልፍ» ብሎ የአልጋ ወራሽ ስም አወጣለት። እርሱ እንኳ ማታ እመለሳለሁ አላለም። በእኛ በኩል ደግሞ ኦሞራቴ መድረስ ሐይቅ መድረስ አይደለም። የኦሞ ወንዝ ከዚያ በታች በደለልና በሸምበቆ መካከል ተበታትኖ ነው የሚገባው። በቅርብ ዓመታት ውሃው ሞልቶ የዳሰነች መንደሮችን አፈናቅሏል፤ ዳርቻው ካርታው ላይ ባለበት የለም። በዚያ ላይ ውሻ ለማዋኘት የመረጡት ውሃ አዞ የሞላበት ነው። አስጎብኚው ይህን ሲነግራቸው ሚስትየዋ «ውሾቻችን በጣም ጨዋ ናቸው» አለች። አዞውን ማን ይምከርልን?

በመሀሉ ባልየው የውሾቹን ፓስፖርት አውጥቶ አሳየን። ቀልድ አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ለውሻ ፓስፖርት ይሰጣል፤ የክትባቱ ቀን፣ ቆዳው ሥር የተቀበረችው መለያ ቁጥር፣ የሐኪሙ ፊርማ ሁሉ አለበት። ከኢትዮጵያ ወደ አውሮፓ ለሚገባ ውሻ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ብቻውን አይበቃም፤ ደሙ መመርመር አለበት። ሳያስመረምር ከአገሩ የወጣ ደግሞ ደም ከሰጠበት ቀን በኋላ ሦስት ወር ይጠብቃል። ደብተሩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ከመካከላችን ፓስፖርት ያለው ማን እንደሆነ ተጠያየቅን፤ ውሾቹ ብቻ ሆነው ተገኙ። አንዱ ወጣት ማመልከቻውን ካስገባ መቆየቱን ተናግሮ «ቆዳዬ ሥር ቁጥር ይቅበሩልኝ፣ እስማማለሁ» አለ።

በፈረንጅ ብቻ እንዳንስቅ የራሳችንም አለ። በበዓል ሰሞን ከአዲስ አበባ 750 ኪሎ ሜትር ያህል በላንድክሩዘር የሚወርደው ወገናችን እንጀራውን በአገልግል፣ ውሃውን በካርቶን፣ ነዳጁን በጀሪካን ይዞ ነው የሚመጣው። ቱርሚ ሎጅ ደርሶ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ኔትወርክ አለ?» ነው፤ ቀጥሎ «አርሰናል ስንት ሰዓት ይጫወታል?»። ጨዋታው ሲያልቅ ከአንድ የሐመር አዛውንት ጎን ፎቶ ተነስቶ «ከከተማ ጫጫታ ርቀን» ብሎ ይለጥፋል። ለሐመር ልጆች ካራሜላ ሲበትን ደግሞ ከፈረንጁ ይብሳል፤ ፈረንጁ እንኳ ጥርሳቸው ይበላሻል ብሎ ይጨነቃል።

የበናው ሰው ግን በርኮታውን በጣቱ አንጠልጥሎ ይመጣል። ሲደክመው ይቀመጥበታል፣ ሲመሽ ይንተራሰዋል። ፈረንጁ ከገበያው ሦስት በርኮታ ገዝቶ መደርደሪያ ላይ አሰራቸው፤ የሚቀመጠው በታጣፊው ወንበር ነው። በዚያው ሰዓት ሹፌሩን፣ ሁለት እናቶችን፣ አንድ ፍየልና ቢጫ ጀሪካን የጫነ ሞተር ሳይክል በአጠገባቸው አለፈ። ባልና ሚስቱ «ኦ!» ብለው ቀረጹት። ፍየሏ ፓስፖርት የላትም፤ በሰዓቱ ግን ደርሳለች።

ለመሄድ ሲነሱ ፀሐይ አናት ላይ ነበረች። ሚስትየዋ የመጨረሻ ፎቶ አማራት፤ ውሾቹን መሀል አድርጋ፣ ልጆቹን በግራና ቀኝ አቁማ ደጋግማ አነሳች። ድሮ ልጆቹ የካሜራውን ቀጭታ ቆጥረው ነበር የሚያስከፍሉት፤ ስልክ ድምፅ ማጥፋት ከጀመረ ወዲህ ሒሳቡ በሰው ራስ ሆኗል። አስጎብኚው ዋጋ ተነጋገረ፣ ባልየው ቆጥሮ ከፈለ። ትልቁ ልጅ ከእንጨቱ ላይ ሳይወርድ ብሩን ቆጠረና አንገቱን ነቀነቀ።

«የሁለት ጎደለ።»

«የማን?» አለ አስጎብኚው።

«የውሾቹ። እነሱም ተነስተዋል።»

«ውሾቹማ የራሳቸው ናቸው!»

«ይሁና፤ ብር አያውቁም። ድርሻቸውን እኛ እንይዝላቸዋለን።»

አስጎብኚው ተረጎመላቸው። ባልየው ሳቀና እጁን እንደገና ኪሱ ከተተ።