የአድናቂነት ማረጋገጫ፦ መጠነኛ ጥናት

የዚህ ጥናት ዓላማ አንድ የተከታታይ ድራማ ዋና አዘጋጅ የተሾመበትን ድራማ ከልቡ ሊወደው ይገባል ወይስ አይገባም የሚለውን ጥያቄ መቋጨት ነው። ተመልካቹ ቀድሞ ስለቋጨው ጥናቱ ዘግይቶ ደርሷል። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቀዳሚው ናሙና የእንግሊዞቹ «ዶክተር ሁ» ነው። በ1963 ተጀምሮ በ1989 የተቋረጠውን ድራማ በ2005 ያስነሳው ራስል ቲ ዴቪስ የልጅነት አድናቂው ነበር። ወንበሩን የተረከበው ስቲቨን ሞፋትም እንዲሁ። ሁለቱም ሰመረላቸው። ፍቅር ይበቃል ብለን ጥናቱን ልንዘጋ ስንል ክሪስ ቺብናል መጣ። ይህ ሰው በ1986፣ ገና ጎረምሳ ሳለ፣ ቢቢሲ ላይ ቀርቦ የወቅቱን «ዶክተር ሁ» ድርሰት ነቅፏል፤ ከዚህ የበለጠ የአድናቂነት ማስረጃ አጥኚው አያውቅም። በ2018 ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። በ2020 ግን የዋናውን ገጸ ባሕርይ የትውልድ ታሪክ ቢለውጠው፣ አድናቂው ሁሉ እሱ በጎረምሳነቱ ያደረገውን አደረገበት። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል የሚለው መላ ምት እዚህ ላይ ሊመረመር ይገባዋል።

ተቃራኒው ናሙና ቶኒ ጊልሮይ ነው። የ«ስታር ዋርስ» አድናቂ እንዳልነበረ ራሱ ተናግሯል። በ2022 የዚያው የ«ስታር ዋርስ» ተከታታይ ድራማ የሆነውን «አንዶር»ን ሲያቀርብ ግን አፍቃሪዎቹ ጭምር አጨበጨቡለት። ምክንያቱ ለአጥኚው ግልጽ ነው፦ አፍቃሪ ማንም ያልጠየቀውን ጥያቄ ለመመለስ ይጽፋል፤ ባዕድ ሰው ግን እነዚህ ሰዎች ደመወዛቸውን ከማን ይቀበላሉ ብሎ ይጠይቃል። ስለዚህ በ«አንዶር» የግዛቱ ሹማምንት ስብሰባ ተቀምጠው እርስ በርስ ሲጠላለፉ፣ ሹመት የናፈቀውም ወጣት ቁርሱ ላይ ከእናቱ ሽሙጥ ሲጠጣ እናያለን። የጨረር ሰይፍ ሳይመዘዝ የቢሮ ሰው ሁሉ ራሱን አወቀ።

«ስታር ትሬክ»ን ሳያውቅ ገብቶ በ1982 ተወዳጁን ሁለተኛ ፊልም ያዘጋጀው ኒኮላስ ሜየርም አለ። ፊልም ነው እንጂ የቴሌቪዥን ድራማ አይደለም የሚል ተቃዋሚ አይጠፋም፤ ተቃውሞው ተመዝግቧል።

ከናሙናዎቹ የተገኘው ሕግ ይህ ነው፦ የአዘጋጅ ፍቅር የሚለካው ድራማው ከታየ በኋላ ነው። ካማረ ይወደው ነበር ይባላል፤ ካላማረ ድሮም አይወደውም። አድናቂነቱ አስቀድሞ በማስረጃ የተረጋገጠለት ሰውም ቢሆን ከዚህ ሕግ አያመልጥም።

ስለዚህ ቀጣሪዎች አመልካቹን ስለ ፍቅሩ መጠየቁን ትተው የመጀመሪያውን ክፍል ድርሰት ያስመጡት። ዴቪስ በ2023 ወደ «ዶክተር ሁ» ሲመለስ ፍቅሩ እንዳለ ነበር፤ ተመልካቹ ግን ከ2005ቱ ቀንሶ ጠበቀው።