ነሐስ መነጽር ሲያደርግ፦ በፒዮንግያንግ ሐውልቶች አለባበስ ላይ የቀረበ መጠነኛ ጥናት

ሐውልት አንዴ ከቆመ አይለወጥም የሚለው እምነት በምሁራን ዘንድ ተቃውሞ ገጥሞት አያውቅም። ፒዮንግያንግ ማንሱዴ ኮረብታ የወጣ ተጓዥ ግን እምነቱን ደረጃው ላይ ጥሎ ይወርዳል።

እ.ኤ.አ. በ1972 ለሰሜን ኮሪያው መሪ ለኪም ኢል ሱንግ 60ኛ የልደት በዓል የቆመው፣ 20 ሜትር ገደማ የሚረዝመው ነሐስ ኮስተር ያለ ጎልማሳ ነበር። ሰውየው በ1994 ሞቱ። በ1998 ሕገ መንግሥቱ ዘላለማዊ ፕሬዚዳንት አላቸው። በ2012 ደግሞ ሐውልታቸው ፈገግ አለ፤ መነጽርም አደረገ። በሞቱ በ18 ዓመት ዓይን መድከሙ ሐኪሞችን ያወዛግብ ይሆናል። እኛን አያወዛግበንም፤ ሥልጣን ላይ ላለ ሰው የሚፈርመው ወረቀት መች ያልቃል?

በዚያው ዓመት ልጃቸው ኪም ጆንግ ኢል ረጅም ካፖርት ለብሰው ከጎናቸው ቆሙ። ዓመት ሳይሞላ ካፖርቱ ወልቆ በሕይወት ሳሉ በሚያዘወትሩት አጭር ጃኬት ተተካ። በዚያ አገር ክረምት ካፖርት ማውለቅ ምን ይባላል? ነሐስ ስለማያስነጥስ ጉዳዩን አልገፋንበትም።

የመስክ ጥናቱ ሥነ ዘዴ ጥብቅ ነው። አጥኚው አበባ ያኖራል፣ ተሰልፎ እጅ ይነሣል፣ ከዚያ ፎቶ ያነሣል። ፎቶው ሐውልቱን ከራስ እስከ እግር ሙሉ ካልያዘ አስጎብኚው እንዲጠፋ ይጠይቃል፤ በካሜራም ቢሆን እግር መቁረጥ ክልክል ነው። የመሪ ፎቶ ያለበት ጋዜጣም ፊታቸው ላይ አይታጠፍም፤ ስለዚህ ሻንጣ ሲገዙ የጋዜጣውን ስፋት አስቀድሞ መለካት ይመከራል። አስጎብኚዎቹ ብዙውን ጊዜ ሁለት ናቸው። አንደኛው ተጓዡን እንደሚጠብቅ ግልጽ ነው። ሁለተኛው ማንን እንደሚጠብቅ አንደኛውን መጠየቅ ነውር ስለሆነ ሠንጠረዡ ላይ ቦታውን ባዶ ትተነዋል።

ለንጽጽር የሚሆን ማስረጃ ኢትዮጵያዊው ተጓዥ ከአገሩ ይዞ ይሄዳል። አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ አካባቢ፣ እ.ኤ.አ. በ1984 የተመረቀው የትግላችን ሐውልት ምስሎች የሰሜን ኮሪያ እጅ አለባቸው። እጁ አንድ ሆኖ ሳለ የእኛዎቹ መነጽር አልጨመሩም፤ ጃኬትም አልለወጡም፤ ዛሬም በምረቃ ልብሳቸው ናቸው። ምክንያቱን ከአሠራራቸው ጥራት ጋር ለማያያዝ ሞክረን ነበር። ግን ያቆማቸው መንግሥት ሲወድቅ ልብስ የሚለውጥላቸው ልጅ አላስቀረም።