ጣልቃ ገቡ አያት

ልጄና ሚስቱ ተለያይተው የልጅ ልጃችን ከእናቱ ጋር ሌላ ሰፈር ከገባ ወዲህ ባለቤቴ ሰላም ነሳችኝ። «አንተ እኮ የተማርክ ነህ፤ ሕጉ ምን ይላል?» ትለኛለች። የተማርኩት ጂኦግራፊ ነው።

ቢቸግረኝ የተሻሻለውን የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992ን፣ ገዝቼ በመነጽርና በእርሳስ ተቀመጥኩበት። አንቀጽ 113 በፍቺ ጊዜ ስለ ልጆች የሚወሰነውን ይዘረዝራል፤ አስተዳደጉ፣ ትምህርቱ፣ ጤናው፣ ቀለቡ፣ ወላጅ ልጁን የሚጠይቅበት ሁኔታ ሁሉም አለ። አያት የለም። ገጹን ገለበጥኩት፤ የለም። ወረድ ብዬ አንቀጽ 225 ላይ ነው ራሳችንን ያገኘሁት፦ እናትም አባትም ሳይኖሩ ሲቀሩ፣ በእነሱ የተሾመ ሰውም ከሌለ፣ ለአሳዳሪነትና ለሞግዚትነት ከወንድም፣ ከእህት፣ ከአጎትና ከአክስት ቀድመን የምንጠራው እኛ ነን። ቀለብ ላይም አልተረሳንም፤ ወላጆች ካልቻሉ ግዴታው ወደ አያት ሊወጣ ይችላል። ይህን ሳነብላት ባለቤቴ፣ «እና ክፈሉ ሲባል ዘመድ ነን፣ አሳዩን ስንል ባዳ?» አለች። ከዚህ የተሻለ የሕግ ትንታኔ እስከ ዛሬ አልሰማሁም።

የጎረቤቴ ልጅ ጠበቃ ነው። «ጋሼ፣ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 41 በፍቺው ጉዳይ ጣልቃ ገብ መሆን ይችላሉ» አለኝ። ስሙን አልወደድኩትም። በዚህ ዕድሜዬ ጣልቃ ገብ! ግን በማግስቱ ፍርድ ቤቱ በር ላይ፣ ጃንጥላ ሥር ኮምፒዩተር ዘርግቶ የተቀመጠ ራፖር ጸሐፊ ፊት ቆምኩ። አንድም ነገር ሳይጠይቀኝ ጻፈ፣ አተመ፣ ሂሳቡን ተቀበለ።

ሬጅስትራር ስገባ የምራቴን እናት አገኘኋት፤ እሷም ፋይል ታቅፋለች። ልጇ ዱባይ ለሥራ ልትሄድ ነው። ሕፃኑ «አባት አለው» ተብሎ ለልጄ እንዳይሰጥባት ቀድማ ልትይዝ መጥታለች። የሰበር መዝገብ ቁጥር 23632ን እንደ ስልክ ቁጥር በቃሏ ይዛዋለች። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በ2000 ዓ.ም. በዚህ መዝገብ፣ አባት ስለሆነ ብቻ ልጁን ያሳደገች አክስት አትነጠቅም፣ የሕፃኑ ጥቅምና ደህንነት ይቀድማል ብሎ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ወስኗል። እኔም ይህንኑ መዝገብ ልጠቅስ ነበር የመጣሁት።

የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ዘረጋ። ሁለቱም «ሕፃኑ ከተወለደ ጀምሮ በአመልካች እጅ በእንክብካቤ ያደገ ሲሆን» ብለው ይጀምራሉ። «ይህ ልጅ በአንድ ጊዜ ሁለት ቤት ነው ያደገው?» አለን። የእኔ ሁለተኛ አንቀጽ ደግሞ ይባስ፤ «አመልካች የሕፃኑ እናት ወላጅ እናት ስሆን» ይላል። ጺሜን አየ፣ ወረቀቱን አየ። የምራቴ እናት በነጠላዋ አፏን ሸፍና እስክትንፈቀፈቅ ሳቀች፤ ከሰርጉ ወዲህ ሳቋን ስሰማ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። አስተካክላችሁ ተመለሱ ተብለን ወጣን።

ከመመለሳችን በፊት ደጅ ሻይ ጠጣን። ሲያትል ያለው ወንድሜ በስልክ የነገረኝን አወራኋት። በዋሽንግተን ስቴት አያቶች የልጅ ልጆቻቸውን ለማየት ከእናትየዋ ጋር ተካሰው፣ እኛ የቤተሰብ ሕጉን ባወጣንበት በዚያው ዓመት የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለእናትየዋ ፈረደ። «ታዲያ እዚያም እንዲሁ ከሆነ እኛ ምን አቃጠለን?» አለችና ስኳር ጨመረች።

ወረቀቶቹን እዚያው ቀደድናቸው። ልጆቻችን በስምምነት ሊፋቱ ነበርና ሁለታችንም አንድ ላይ ሄደን ተቀመጥንባቸው። በስምምነት ሲፋቱ ስለ ልጁ የተስማሙበትም ጭምር ለፍርድ ቤት ቀርቦ መጽደቅ አለበት። በዚያ የስምምነት ወረቀት ላይ እናቱ ስትሄድ ልጁ የምራቴ እናት ጋ እንዲያድር፣ እሁድ ከጠዋት እስከ ማታ አባቱ እኛ ቤት እንዲያገኘው አስጻፍን። ልጄ «አባዬ፣ ይሄ እኮ ሳይጻፍም ይሆናል» ብሎኝ ነበር። ይጻፍ አልኩ።

እናንተም ልጆቻችሁ እንዲህ ያለ ወረቀት ሊፈርሙ ከሆነ፣ ሳይጸድቅ በፊት አምጡት በሏቸው። የአያት ቤት ካልተጠቀሰበት ያኔውኑ ተናገሩ፤ ቀንና ሰዓቱም ይስፈር። ጃንጥላ ሥር የተጻፈላችሁን ደግሞ ሳታነቡ አትፈርሙ።